ረዳቱ በቤቱ የፈጸመው ጥፋት ዋናውን አሠልጣኝ ይመለከታል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ክቡር አዘጋጅ፣ በሐዋሳ ከተማ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የወንዶች እግር ኳስ ቡድን ዋና አሠልጣኝ ነኝ። ረዳቴ በሥራው እንከን የማይወጣለት፣ ተጫዋቾቹም የሚያከብሩት ሰው ነው። ኳስ ያስተማረኝና ለዚህ ያበቃኝ የአሠልጣኜ ልጅ ስለሆነ ወደ ቡድኑ ያስገባሁትም እኔው ነኝ። ባለፈው ክረምት ሚስቱ ወደ ባለቤቴ መጥታ ባሏ እንደሚደበድባት ነገረቻት፤ በስልኳ ያነሳችውን የክንዷንና የአንገቷን ፎቶግራፍም አሳየቻት። «ለማንም እንዳትነግሪብኝ፤ ከሥራ ከወጣ ልጆቼ ምን ይበላሉ?» ብላም ለመነቻት። ባለቤቴ ብዙ ካመነታች በኋላ ለእኔ ነገረችኝ። ረዳቴን ለብቻው ጠርቼ ስጠይቀው «የባልና የሚስት ነገር ነው፤ ሽማግሌ ይዞታል» ብሎ ዘጋኝ። ለፖሊስ የቀረበ አቤቱታ የለም። ነገሩም የተፈጸመው ከሜዳ ውጭ፣ በገዛ ቤቱ ነው። ይህን ለኮሌጁ የማሳወቅ ኃላፊነት አለብኝ? ባሳውቅስ ስም አጥፍተሃል ተብዬ አልከሰስም?

አሠልጣኙ፣ ከሐዋሳ

መልስ

አዎን፣ አለብዎት። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ደብዳቤዎ ራሱ መልሱን የያዘ ስለመሰለኝ ነው፤ የሚያስጨንቅዎ ማሳወቅ አለማሳወቁ ሳይሆን ለማን፣ መቼና እንዴት የሚለው ይመስለኛል።

ኃላፊነትዎ ጠባብ ነው፤ ጠባብነቱም ለእርስዎም ለሌሎቹም ይጠቅማል። ድብደባው መፈጸሙን መመርመር፣ ባልና ሚስትን ማስታረቅ፣ ረዳትዎ ከሥራው ይነሣ ወይም ይቆይ ብሎ መፍረድ የእርስዎ ሥራ አይደለም። የእርስዎ ሥራ የሰሙትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ፣ ጉዳዩን የማጣራት ሥልጣን ላለው የኮሌጁ ኃላፊ በጽሑፍ ማድረስ ነው። ረዳትዎን ለብቻው ጠርተው መጠየቅዎ በቅን ልቦና የተደረገ ቢሆንም ከዚህ ድንበር ያለፈ እርምጃ ነበር፤ ምክንያቱም ሚስቱ ለሰው መናገሯን አሁን እርሱ ያውቃል ወይም ይጠረጥራል። በቤት ውስጥ ጥቃት የሚሠሩ ባለሙያዎች ደጋግመው እንደሚያስገነዝቡት፣ ለተጠቂዋ ከሁሉ የሚያሰጋው ጊዜ ምስጢሯ መውጣቱን ወይም ልትለየው ማሰቧን ባሏ ያወቀበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ወደ ዲኑ ቢሮ ከመሄድዎ በፊት የእርሷ ደኅንነት መታሰብ አለበት።

ይህንንም ማድረግ የሚገባቸው እርስዎ ሳይሆኑ ባለቤትዎ ናቸው። ሴትዮዋ ያመነችው እርሳቸውን ነውና፣ በስልክ መልእክት ሳይሆን በአካል፣ ባል በማይኖርበት ሰዓትና ቦታ ቢያገኟት መልካም ነው። ከዚያ ወዲህ እንደገና መትቷት እንደሆነ፣ አንድ ሌሊት እንኳ ከልጆቿ ጋር ልታድርበት የምትችል ቤተሰብ እንዳላት፣ የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀትና የእርሷ መታወቂያ በእጇ ስለመሆኑ ይጠይቋት። ጉዳት ካለባት ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ሄዳ የሕክምና ማስረጃ እንድታወጣ ይምከሯት፤ ጠባሳ ይጠፋል፣ ቀኑ የተጻፈበት የሐኪም ወረቀት ግን ክስ ለመመሥረት ዛሬ ባትፈልግ እንኳ ነገ ይጠቅማታል። ፎቶግራፎቹንም ባሏ በማይደርስበት ስልክ ላይ ታስቀምጣቸው። ከዚህ በኋላ እርስዎ ለኮሌጁ ማሳወቅ እንደሚገባዎ፣ ለማን እንደሚናገሩና መቼ እንደሚናገሩ አስቀድማ ትወቅ። «አትንገሩብኝ» ብላ የለመነችን ሴት ልመና በዝምታ አልፎ ድንገት ደብዳቤ መጻፍ፣ ነገሩን ጨርሶ ከመደበቅ ባላነሰ ሁኔታ ሊጎዳት ይችላል።

ፖሊስ ዘንድ መሄድ አለመሄድ በአብዛኛው የእርሷ ውሳኔ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት ወንጀል መሆኑን ለይቶ ይደነግጋል፤ ቅጣቱንም ስለ አካል ጉዳት ወደሚናገሩት አንቀጾች ይመራል። ከእነዚህ ውስጥ ከባዱን የአካል ጉዳት ዐቃቤ ሕግ በራሱ ሊከስ ሲችል፣ ቀለል ያለው ጉዳት ግን በተበዳይዋ አቤቱታ የሚከሰስ ነው። አቤቱታ ካቀረበች በፖሊስ ዘንድ የሴቶችና ሕፃናት ጥቃት ጉዳዮችን የሚመለከት ክፍል አለ፤ ባለቤትዎ አብረዋት ቢሄዱ ብቻዋን ከምትቆም ይሻላታል። ለኮሌጁ የሚያሳውቁት ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። የእርስዎ ደብዳቤ በረዳትዎ ላይ የሚቀርብ የወንጀል ክስ ሳይሆን፣ ኮሌጁ ተማሪዎችን በአደራ የሰጠውን አንድ ሠራተኛ በሚመለከት አሠሪው ሊያውቀው የሚገባ መረጃ ነው።

«ከሜዳ ውጭ ነው» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ አይጸናም። ረዳት አሠልጣኝ ደመወዝ የሚከፈለው ሜዳ ላይ ፉጨት ለሚነፋበት ሰዓት ብቻ አይደለም። ከተጫዋቾች ጋር በአንድ አውቶቡስ ይጓዛል፣ በአንድ ሆቴል ያድራል፣ የመኝታ ክፍላቸውን ቁልፍ ይይዛል፣ ማን እንደሚሰለፍና ማን ከቡድኑ እንደሚቀነስ አስተያየት ይሰጣል። የአሥራ ዘጠኝና የሃያ ዓመት ወጣቶች ቁጣ እንዴት እንደሚገዛ የሚማሩት ከእርሱ ነው። እርስዎም ጥፋቱን እያወቁ ከጎንዎ ካቆሙት፣ ነገ አንዲት ተማሪ ወይም የአንድ ተጫዋች እህት በደል ደርሶባት ወደ እርስዎ መምጣት ሲያስፈልጋት አትመጣም።

ከእርስዎ ጥያቄ ጋር እጅግ የሚቀራረብ ጉዳይ በአሜሪካ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተከስቶ ነበርና በዝርዝር ላነሣው እፈልጋለሁ። የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ዋና አሠልጣኝ ኧርባን ሜየር በጊዜው ከአገሪቱ ስመ ጥር አሠልጣኞች አንዱ ነበር። ከረዳቶቹ አንዱ የቀድሞው የኦሃዮ ስቴት አሠልጣኝና የሜየር አማካሪ የነበሩት የኧርል ብሩስ የልጅ ልጅ ነው። ይህ ረዳት እ.ኤ.አ. በ2009 ሁለቱም በፍሎሪዳ ሲሠሩ በሚስቱ አቤቱታ ተይዞ ክስ ሳይመሠረትበት ተለቆ ነበር፤ ሜየር በኋላ ወደ ኦሃዮ ሲያመጣው ይህን ለአዲሱ አሠሪ አልተናገረም። በ2015 ፖሊስ ረዳቱን በቤት ውስጥ ጥቃት ጠርጥሮ እንደገና መረመረ፤ አሁንም ክስ አልተመሠረተም። ሚስቲቱ ግን የደረሰባትን ለዋናው አሠልጣኝ ባለቤት ነግራ ነበር። ዋናው አሠልጣኝና የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ኃላፊ ምርመራ መኖሩን ቢያውቁም፣ ክስ እስካልመጣ ድረስ በእነርሱ በኩል የሚደረግ ነገር እንደሌለ አድርገው ተዉት።

በሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት ረዳቱ ወደ ቀድሞ ሚስቱ እንዳይቀርብ ሲያዝ ነገሩ አደባባይ ወጣ። ረዳቱ ተባረረ፤ ሜየርም በማግሥቱ በጋዜጠኞች ፊት ስለ 2015ቱ ጉዳይ እንደማያውቅ ተናገረ፤ ከቀናት በኋላ ግን ያን ንግግሩን ማስተካከል ግድ ሆነበት። ዩኒቨርሲቲው ከውጭ የሕግ ባለሙያዎችን ቀጥሮ ለሁለት ሳምንት ካስመረመረ በኋላ ሜየርን ለሦስት ጨዋታዎች አገደው፣ ደመወዙንም ለሳምንታት ቆረጠ፤ የስፖርት ኃላፊውም ያለ ደመወዝ ታገደ። የመርማሪዎቹ ድምዳሜ ለእርስዎ ጠቃሚ ነው። ሁለቱ ሰዎች ድብደባውን ደግፈዋል ወይም ሆን ብለው ሸፍነዋል አላሉም፤ ያሉት ስለ ረዳቱ በቂ የአስተዳደር እርምጃ አልወሰዱም፣ የሚያውቁትንም በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለሚመለከተው ክፍል አላደረሱም ነው። ሚስት የሰማችው ለባል ሳይደርስ አይቀርም የሚለውን ግምትም መዝገቡ ላይ አስፍረዋል። ስለዚህ «ለባለቤቴ ነው የተነገረው» የሚለው መከላከያ እርስዎንም አያድንም፤ እርስዎ ግን ሰምቻለሁ ብለው በግልጽ ጽፈዋልና ከዚያ አሠልጣኝ በተሻለ መንገድ ላይ ነዎት።

«ፖሊስ ካልከሰሰ እኔ ምን አገባኝ» የሚለው አስተሳሰብ በእኛም አገር የተለመደ ስለሆነ ጥቂት ልጨምርበት። የፖሊስ ጥያቄ «በማስረጃ ተደግፎ ሊከሰስ ይችላል?» ነው፤ የአሠሪ ጥያቄ «ይህን ሰው ከወጣቶች ጋር ማሠራት እችላለሁ?» ነው። ሁለቱ የተለያየ ማስረጃና የተለያየ ጊዜ ይጠይቃሉ፤ የመጀመሪያው ሳይመለስ ሁለተኛው ሊመለስ ይችላል። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 443 ወንጀልን አለማስታወቅን የሚቀጣው በዋናነት ወንጀሉ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ እንዲሁም ሕግ ወይም የሙያ ደንብ የማሳወቅ ግዴታ በጣለበት ሰው ላይ ነው። ስለዚህ በእርስዎ ሁኔታ ዝም ማለትዎ ብቻውን ፍርድ ቤት ላያቀርብዎት ይችላል። ሕጉ ያስቀመጠው ግን የመጨረሻውን ዝቅተኛ ወሰን እንጂ የአሠልጣኝነትን መለኪያ አይደለም። በፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለአሥርተ ዓመታት ያሠለጠኑት ጆ ፓተርኖ እ.ኤ.አ. በ2001 የቀድሞ ረዳታቸው በአንድ ሕፃን ላይ ስለፈጸመው በደል ሲነገራቸው ለበላይ ኃላፊያቸው አስተላልፈው ነበር፤ የሕግ ግዴታቸውን ስለተወጡም ክስ አልቀረበባቸውም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ምን እንደተደረገ ሳይጠይቁ ዓመታት አለፉ፤ በ2011 እውነቱ ሲወጣ ከሥራ ተነሡ። ያ የቀድሞ ረዳት በ2012 በአርባ አምስት ክሶች ጥፋተኛ ተብሏል። ነገሩን አንድ ጊዜ አስተላልፎ ከዚያ ወዲያ መዘንጋት በቂ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

ረዳትዎ «ሽማግሌ ይዞታል» ያለውን አልንቀውም። ሽምግልና በአገራችን ብዙ ትዳር አቁሟል፤ እርስዎ ባሉበት አካባቢም የሲዳማ አባቶች በአፊኒ ሥርዓት ጉዳይን ከሥሩ ሳይሰሙና ሳያጣሩ ብያኔ አይሰጡም። ነገር ግን ሽማግሌ የሚያየው የባልና የሚስትን ዕርቅ ነው። ኮሌጁ ስለ ሠራተኛው፣ ተማሪዎቹም ስለ ደኅንነታቸው በዚያ ሸንጎ ላይ ቦታ የላቸውም። ሽምግልናው ይቀጥል ወይም ይቅር ማለትም የሚስቲቱ እንጂ የእርስዎ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ «ገመና ይሸፈን» እየተባለ ዕርቅ በተደረገ ቁጥር ሴቲቱ የምትመለሰው ወደዚያው ቤት ነው፣ በሚቀጥለው ጊዜም ለመናገር የበለጠ ታፍራለች።

ወደ ስም ማጥፋት ልለፍ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 የሚቀጣው የሌላውን ክብር ለመጉዳት አስቦ ለሦስተኛ ሰው የሚናገረውን ነው፤ እንዲያውም የተነገረው እውነት መሆኑ ብቻውን ሁልጊዜ አያድንም። ስለዚህ ነገሩን በቡና ቤት፣ በአሠልጣኞች ስብሰባ ወይም በቴሌግራም ቡድን ካነሱት ሊጠየቁ ይችላሉ፤ ስጋትዎ መሠረት የለውም አልልም። ጉዳዩን የማየት ኃላፊነት ላለው ሰው፣ በቅን ልቦና፣ በምስጢር የጻፉት ደብዳቤ ግን የተለየ ነው። በሐሰት መወንጀልን የሚከለክለው አንቀጽ 447ም የሚመለከተው ንጹሕ መሆኑን እያወቀ ሰውን የሚከስስን እንጂ የሰማውን «ሰምቻለሁ» ብሎ የሚያቀርብን አይደለም። ደብዳቤዎ በዚህ ድንበር ውስጥ እንዲቆይ «ይደበድባታል» ብለው አይጻፉ፤ «በዚህ ቀን ባለቤቴ ይህን ነገረችኝ፤ እርሷም ከሚስቱ እንደሰማችና ፎቶግራፍ እንዳየች ገለጸችልኝ፤ እኔም በዚህ ቀን ረዳቴን ጠይቄው ይህን መለሰልኝ» ብለው ይጻፉ። በዓይን ያዩትንና በጆሮ የሰሙትን ይለያዩ። ግምትዎን፣ የቆየ ቅሬታ ካለዎትም እርሱን፣ አይጨምሩ። ከሥራ ይባረርልኝ ብለውም አይጠይቁ። የሚጠይቁት ጉዳዩ እንዲጣራ፣ የሚስቲቱ ስም በምስጢር እንዲያዝና እስኪጣራ ድረስ ረዳትዎ ከተማሪዎች ጋር በሚያድርባቸው ጉዞዎች ላይ ምን እንደሚደረግ ኮሌጁ እንዲወስን ነው። ደብዳቤውን በኮሌጁ የሰው ሀብት ኃላፊ ወይም በዲኑ እጅ ያስገቡ፤ የሥርዓተ ፆታ ክፍል ካለ ግልባጩ ለእርሱ ይድረስ። ደረሰ የሚል ፊርማ ያለበትን ቅጂ በቤትዎ ያስቀምጡ፤ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ምን እንደተደረገ በጽሑፍ ይጠይቁ።

በደብዳቤው ላይ የግድ መጨመር ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ረዳትዎ የአሠልጣኝዎ ልጅ መሆኑንና የቀጠሩትም እርስዎ መሆንዎን ይግለጹ፤ ከማጣራቱም ሥራ ራስዎን ያግልሉ። ውለታ ከባድ ነገር ነው፣ በእኛ ዘንድ ደግሞ ያሠለጠነ ሰው ከአባት ይቆጠራል። የዚያን ሰው ልጅ በደብዳቤ ማሳወቅ እንቅልፍ እንደሚነሳ እገምታለሁ። ሆኖም ልጁን ወደ ቡድኑ ሲያስገቡ የተበደሩት የኮሌጁን እምነት ነው፤ የአባቱን ውለታ በሚስቱ ሰውነት መክፈል አይገባም። አባትየው በሕይወት ካሉ፣ ከደብዳቤው በፊት ሳይሆን ከደብዳቤው በኋላ ሄደው በራስዎ አንደበት ይንገሯቸው።

የሴትዮዋን የልጆች እንጀራ ጉዳይ ወደ ጎን አልተውኩትም። ማሳወቅ ማለት ማስባረር አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት የተከሰሰ ሰው እንኳ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል፤ አሠሪም ሠራተኛውን ሳይሰማ እርምጃ መውሰድ የለበትም። ኮሌጁ ለጊዜው ተማሪ ወደማያገኝበት ሥራ ሊያዛውረው፣ ሊያስጠነቅቀው፣ ከጉዞ ሊያስቀረው ይችላል። የመጨረሻው ውሳኔ ስንብት ቢሆን እንኳ ጥፋቱ የእርሱ ነው እንጂ የእርስዎም የእርሷም አይደለም፤ ልጆቹን የመቀለብ ግዴታው ደግሞ ከሥራው ጋር አብሮ አይቀርም፣ በፍርድ ቤት ሊጠየቅበት ይችላል።

ጥያቄ

የኮሌጅ የሴቶች መረብ ኳስ ተጫዋች ነኝ። የቡድን መሪያችን ማታ ማታ ስልክ እየደወለ የማይገባ ነገር ይናገረኛል፤ ካልተስማማሁ ከቡድኑ እንደሚያስወጣኝም ፍንጭ ሰጥቶኛል። ለአሠልጣኛችን ብነግራት «ውድድሩ እስኪያልቅ ታገሺ፣ ቡድኑ ይረበሻል» አለችኝ። ምን ላድርግ?

ተማሪ፣ ከሐዋሳ

መልስ

እህቴ፣ አሠልጣኝሽ ተሳስታለች፤ ስህተቷም ቀላል አይደለም። ከላይ ባለው ጉዳይ አሠልጣኙ የሰማው ስለ ሌላ ሰው ቤት ነበር፤ እዚህ ግን በቡድኑ ውስጥ፣ በእርሷ ኃላፊነት ሥር ባለች ተማሪ ላይ የሚፈጸም ነገር ነው። ለውድድር ተብሎ የሚዘገይ አንድም ቀን የለም።

ከእርሷ በላይ ላለው በቀጥታ የመናገር መብት አለሽ። የደወለባቸውን ቀናትና ሰዓታት ጻፊ፤ መልእክት ካለ አትሰርዢ፣ ምስሉን አንስተሽ ለምታምኛት ሰው ላኪላት። ለኮሌጁ የሥርዓተ ፆታ ክፍል ወይም ለተማሪዎች ዲን በጽሑፍ አቤቱታ አቅርቢ፤ በአቤቱታው ላይ ለአሠልጣኝሽ መናገርሽንና መልሷንም ጨምሪ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 625 በሴት ላይ ባለው ሥልጣን ወይም በእርሷ ጥገኝነት ተጠቅሞ ግንኙነት የሚፈጽምን ሰው ይቀጣል፤ ነገሩ ወደዚያ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም። ዕድሜሽ ከአሥራ ስምንት በታች ከሆነ ለወላጅሽ ንገሪ፤ ወደ ፖሊስም አብራችሁ ሂዱ። ብቻሽን ከእርሱ ጋር በመኪና አትጓዢ፣ ወደ ቢሮውም ብቻሽን አትግቢ። ይህን ምክር የምሰጥሽ ጥፋቱ ያንቺ ስለሆነ ሳይሆን፣ ኮሌጁ እርምጃ እስኪወስድ ድረስ ቀኑ እንዳይከፋብሽ ነው።

ጥያቄ

በአንድ የግል ኮሌጅ የስፖርት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ለአሠልጣኞቻችን በጽሑፍ የተሰጠ የማሳወቅ ግዴታ የለንም። ከምን እንጀምር?

ከሐዋሳ

መልስ

ከቅጥር ውሉ ይጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 በተሻሻለው የኧርባን ሜየር ውል ውስጥ አሠልጣኙ የጾታ ጥቃትና የቤት ውስጥ ጥቃት ጥሰቶችን ሲያውቅ ወዲያውኑ ለዩኒቨርሲቲው ማሳወቅ እንዳለበት፣ ይህን አለማድረጉም ለስንብት ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ተጽፎ ነበር። የእናንተም አንቀጽ ረዥም መሆን አያስፈልገውም። አሠልጣኝ፣ ረዳት፣ ቡድን መሪና ወጌሻ ሁሉ ግዴታው እንደሚመለከታቸው፣ ጥፋቱ ከግቢ ውጭ ቢፈጸምም ግዴታው እንደማይቀር፣ የሚነገረው ለማን እንደሆነ በስም ሳይሆን በኃላፊነት ቦታ ተለይቶ፣ ያ ኃላፊ ራሱ የተጠረጠረ ከሆነ ደግሞ ለማን እንደሚነገር ይጻፍ። የጊዜ ገደብ አስቀምጡለት፤ እኔ ሃያ አራት ሰዓት በቂ ነው ባይ ነኝ። በቅን ልቦና የተናገረ ሠራተኛ ወይም ተማሪ ከሥራውም ከቡድኑም እንደማይነካ የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ግን ሳይገባ እንዳይቀር፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 የሚያገለግለው አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጡ ከባድ ወንጀሎች ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ በታች ላለው ጉዳይ ተናጋሪውን የሚጠብቀው የእናንተው ደንብ ነው። አዲስ ሠራተኛ ስትቀጥሩም ስለ ቀድሞ ሥራው ሲጠይቁ «ለምን ለቀቀ?» የሚለውን ጥያቄ ለቀድሞ አሠሪው በጽሑፍ አቅርቡ፣ መልሱንም በማኅደሩ ውስጥ አስቀምጡ።